በደወል ቤት የማይባል ቃል

ሄስተር ላስኮም ወረቀቱን ያየችው ሐሙስ ዕለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ በራፍ ሰሌዳ ላይ፣ በአበባ አስቀማጮች ተራና በጠፋ ድመት ማስታወቂያ መካከል ተለጥፎ። «የደወል አስተማሪዎች ሥልጠና፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፤ በዊድልኮት ደወል ቤት።» ይሄስ ይሁን፣ ወሬውን ከወር በፊት ሰምታዋለች። ከሥሩ ግን በቄሷ ጠማማ ጽሕፈት ሁለት መስመር ተጨምሯል። «ሠልጣኝ አስተማሪ፦ ዴንዚል ኤንዳኮት። ጀማሪ ተማሪ፦ ኬዚያ፣ የሄስተር የልጅ ልጅ።»

አንዴ አነበበችው። መነጽሯን በሹራቧ ጠርጋ ደገመችው። ከዚያ ወረቀቱን ገነጠለችና አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ወረቀቱ ሲገነጠል ነገሩም የሚቀር ይመስል።

ቤት ስትደርስ ኬዚያ ወንበር ላይ እግሯን ሰቅላ ዳቦ በማርማላታ ትበላለች። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቷ ጁዲት ከከተማ አምጥታ አያቷ ዘንድ ትጥላታለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ሄስተር ወረቀቱን ከዳቦው አጠገብ ጣል አድርጋ።

«ኧረ አያቴ! ከሰሌዳው ገነጠልሽው?»

«ምንድን ነው አልኩሽ!»

«ደወል ልማር ነዋ። ማስተማር የሚማሩት ሰዎች መለማመጃ የሚሆን ጀማሪ ይፈልጋሉ። እኔም ጀማሪ ነኝ።»

«መለማመጃ! ሰው ነሽ ወይስ ሊጥ? ደግሞ በዚያ ሰውዬ እጅ!»

«እማዬ ፈቅዳለች። ፎርሙን ፈርማለች።»

«እናትሽ? በየትኛው እጇ ፈረመች?»

ልጅቷ ዳቦውን አስቀመጠች። ሄስተርም ቃሉ ካፏ ሲወጣ ክፉ መሆኑን አውቃዋለች፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማን ይመልሰዋል? ደግሞስ ለምን ትመልሰው! እውነት አይደለም እንዴ?

እውነቱ ይሄ ነው። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ጁዲት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ዴንዚል ኤንዳኮት በዚያው ደወል ቤት፣ በዚያችው በሦስተኛዋ ደወል ሲያስተምራት፣ ደወሏ አመለጠች። ልጅቷ ገመዱን መልቀቅ ሲገባት «ያዢ!» የሚል ድምፅ ሰማችና ያዘች። ገመዱ ወደ ጣሪያው ይዟት ወጣ። ስትወድቅ ቀኝ እጇ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ትከሻዋም እንደነበረው አልሆነም፤ እስከ ዛሬ ፀጉሯን የምታበጥረው በግራዋ ነው። ያን ዕለት ሄስተር ራሷ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። «ያዢ!» የሚለው ቃል በድንጋዩ ግድግዳ ሲያስተጋባ በጆሮዋ ሰምታለች። ለሐኪሙ ነገረች፣ ለቄሱ ነገረች፣ ለመንደሩ ሁሉ ነገረች። ዴንዚል አንድ ቀን አልካደም። ማስተማሩንም እዚያው ተወ።

መደወሉን ግን ሁለቱም አልተዉም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ እሱ በስድስተኛዋ፣ እሷ በሁለተኛዋ ገመድ ሥር ይቆማሉ። የደወሎቹን ተራ የሚያስለውጠው እሱ ነውና «ሁለት ከሦስት በኋላ!» ሲላት ትታዘዘዋለች። «እንደምን አደርሽ» ሲላት ግን አትመልስም። ሚስቱ ስትሞት እንኳ ለቅሶ አልደረሰችም። መንደሩ አማት። ሄስተር ግን አንድ መልስ ነበራት፦ «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

አሁን ለስድስቱ ደወል የቀሩት አራት ሰዎች ናቸው። ካላስተማሩ ደወል ቤቱ ይዘጋል፤ ያልሠለጠነ ደግሞ እንዳያስተምር ተከልክሏል። ለዚህ ነው ኤንዳኮት በሰባ ስምንት ዓመቱ ተማሪ የሆነው። ይሁንለት! የሌላ ሰው ልጅ ያስተምር! ሁለት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አደረች። ልጅቷን ክፍል ውስጥ ቆልፋባት ልትሄድ ሁሉ አሰበች። ዓርብ ማታ ለጁዲት ስልክ ደወለች፤ ጁዲት «እማዬ፣ ተዪ» ብቻ ብላ ዘጋችባት። ተዪ! ሁሉም ሰው ለእሷ የሚነግራት ያንኑ አንድ ቃል ነው።

ቅዳሜ ጠዋት እሳት ጎርሳ ጠመዝማዛውን ደረጃ ወጣች። ሠላሳ ስምንት ደረጃ ነው። ጉልበቷ በየደረጃው ይረግማታል፤ እሷም መልሳ ትረግመዋለች። አሠልጣኟ ኢሞጅን ትራስክ የምትባል፣ አንገቷ ላይ የስም ካርድ ያንጠለጠለች፣ አርባ የሚሆናት ሴት ናት። ሠልጣኞቹን በግድግዳው ዙሪያ አሰልፋለች። ከጭንቅላታቸው በላይ ከደወሎቹ ላይ የተሰበሩ የማቆሚያ እንጨቶች ተሰቅለዋል። የደወል ቤቱ ልማድ ነው፤ የሰበረ ሰው ስሙንና ቀኑን ጽፎ እንጨቱን ይሰቅላል፣ የመጣ የሄደ ይስቅበታል። አንዱ ላይ ብቻ ማንም ስቆ አያውቅም። «ዴንዚል ኤንዳኮት» ይላል፣ ቀኑም የጁዲት ቀን ነው። ሄስተር ሁልጊዜ እሁድ ያን ስም ስታየው ደረቷ ትንሽ ቀለል ይላት ነበር።

«እርስዎ ተመዝግበዋል?» አለች ኢሞጅን።

«የተመዘገበችውን ልጠብቅ ነው የመጣሁት።»

«መቀመጥ ይችላሉ። ግን እዚህ ክፍል ውስጥ ጀማሪዋ የምትሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የአስተማሪዋን። ይስማማሉ?»

«ጆሮ አለኝ፤ ሰምቻለሁ» አለችና አግዳሚው ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዴንዚል ባርኔጣውን አነሳላት። ግድግዳውን አየች።

ኢሞጅን ለሠልጣኞቹ መናገር ቀጠለች። «ደወሏ አሁን አፏን ወደ ሰማይ ከፍታ ቆማለች። የያዛት ከአናቷ ጋር የተያያዘ አንድ የእንጨት ዘንግ ነው። ስንስባት ዙሩን ሁሉ ዞራ ተመልሳ ትቆማለች። ከመጠን በላይ ከሳብናት እንጨቱ ይሰበራል። እንዲሰበር ነው የተሠራው፤ እሱ ባይሰበር ሌላ ነገር ይሰበራል። እንጨቱ ሲሰበር ደወሏ ገመዱን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። ያን ጊዜ የምንለው ቃል ስንት ነው?»

«አንድ» አሉ ሠልጣኞቹ።

«ምንድን ነው?»

«ልቀቂ!»

«‹እንዳትለቂ› የሚባል ነገር የለም። የፈራ ሰው የቃሉን ግማሽ ነው የሚሰማው። ‹ያዢ› ደግሞ በደወል ቤት ጨርሶ አይባልም። እንድትይዝ ከፈለጋችሁ ዝም በሉ። አቶ ዴንዚል፣ እርስዎ ይበሉት።»

«ልቀቂ» አለ ዴንዚል።

«ለድመት ነው የሚነግሩት? ከሆድዎ!»

«ልቀቂ!» አለ ሽማግሌው፤ ሠልጣኞቹ ሳቁ።

ሄስተር ግን አልሳቀችም። አሁን ነው? ሠላሳ አንድ ዓመት ዘግይቶ፣ ካርድ ባንጠለጠለች ሴት ፊት፣ እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ «ልቀቂ» እያለ የሚለማመደው? የዚያን ቀን የት ነበር ይሄ ቃል!

ኬዚያ ቁመቷ እንዲደርስ በተቀመጠላት ሳጥን ላይ ወጥታ ገመዱ ሥር ቆመች። ዴንዚል አንድ ክንድ ያህል ርቆ ፊት ለፊቷ ቆመ። መጀመሪያ የገመዱን ጫፍ ብቻ ሰጣት፤ ቀይና ነጭ ሱፍ የተጎነጎነበትን መያዣ እሱ ይስባል፣ ጫፉን እሷ። ከዚያ ተለዋወጡ። እጁ ከእጇ አይርቅም፣ ዓይኑም ከዓይኗ አይነቀልም። «ጎሽ። እስከ ላይ አብረሽው ሂጂ። ጎሽ፣ የኔ ልጅ።» ከላይ ሦስተኛዋ ደወል አንድ ጊዜ ትጮኻለች፣ ትቆያለች፣ ትጮኻለች። የልጅቷ ፊት እንደ ቲማቲም ቀልቷል፤ ደስ ብሏታል። ደስ ማለቷ ሄስተርን ይበልጥ አስፈራት። ጁዲትም እንዲሁ ደስ ብሏት ነበርና።

«አሁን ሁለቱንም ራስሽ» አለ ዴንዚል። «እኔ እዚሁ ነኝ።»

አምስት ጊዜ በደንብ ሳበች። ስድስት። በሰባተኛው ክርኗ ወደ ጎን ወጣ። ሄስተር አየችው፤ ዴንዚልም ሳያየው አልቀረም። ሄስተር ግን ብድግ ብላ «ክርንሽ!» አለች።

ኬዚያ ዞር አለች። ዞር ስትል እጇ ከበደ፤ ገመዱን እንደ ውኃ ባልዲ ጎተተችው። ከላይ ጓ! የሚል ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ እንጨት ተሰነጠቀ። ሱፉ እንደ ተተኮሰ ነገር ወደ ጣሪያው ተነሳ፤ የልጅቷም እጅ አብሮት ተነሳ።

«ያዢ!»

«ልቀቂ!»

ሁለቱ ድምፆች አየር ላይ ተጋጩ። ኬዚያ ለቀቀች። ዴንዚል በትከሻው ገፍቶ ግድግዳው ጋ አደረሳት፣ በጀርባውም ሸፈናት። ገመዱ እንደ ተቆጣ እባብ ወለሉን እየገረፈ ተጠማዘዘ። ደወሏ ከላይ ያለ ሥርዓት ደንፍታ ደንፍታ ቀስ በቀስ ደከመች። ማንም አልተነካም።

ሄስተር እንደቆመች ቀረች። «ያዢ!» የሚለው ቃል ከጣሪያው ጋ ተላትሞ ወደ እሷ ሲመለስ ሰምታዋለች። ቃሉን ታውቀዋለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህ የኖረው ድምፅ ነው። የወንድ ድምፅ ግን አልነበረም።

«አየሽ?» አለች ኬዚያ ተቆጥታ። «እማዬ ነግራኛለች! ‹አያትሽ አግዳሚው ላይ ካለች የዴንዚልን ድምፅ ብቻ ስሚ› ብላኛለች!»

«ምን?»

ኬዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ዘግይታ ነው።

ኢሞጅን «ሻይ እንጠጣ» አለች ፈጠን ብላ። በዚያ አገር መላ የጠፋ ዕለት ሻይ ይጠጣል። ዴንዚል አምስቱም ሌሎች ደወሎች አፋቸውን ወደ ታች ደፍተው መቀመጣቸውን በገመዶቹ አረጋገጠና፣ አዲስ የእንጨት ዘንግ ከማእዘኑ አንስቶ፣ መፍቻውን ኪሱ ከቶ በመሰላሉ ወደ ደወሎቹ ወጣ። ሄስተርም ተከተለችው። «ኧረ ይተዉ፣ ይወድቃሉ!» አለች ኢሞጅን ከኋላዋ። ማን ሰምቷት።

ደወሎቹ በትልልቅ የእንጨት ማገሮች መሃል ተቀምጠዋል። የርግብ ኩስና የቅባት ሽታ አለ። ዴንዚል የተሰበረውን እንጨት ብሎኖች እየፈታ ነው።

«ባትሪዋን ያዢልኝ» አለ ሳይዞር፤ ወዲያው ቃሉን ሰምቶት «እ... አብሪልኝ» አለ።

ባትሪዋን አነሳች። ብርሃኗ ግድግዳው ላይ ይጨፍራል።

«አታወዛውዢው።»

«እኔ ነኝ?» አለች።

ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ።

«ዴንዚል ኤንዳኮት፣ እኔ ነኝ ወይ አልኩህ!»

ስሙን ከጠራችው ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መፍቻውን ማገሩ ላይ አስቀመጠ። «አንቺ ነሽ» አለ።

«ታውቅ ነበር!»

«አጠገቧ ነበርኩ እኮ።»

«ጁዲትስ?»

«እሷማ ነች የለመነችኝ። ሐኪም ቤት፣ እጇ በጄሶ ተጠቅልሎ። ‹እማዬ እንዳታውቅ፣ ካወቀች ትሞታለች› አለችኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ምን ልበላት?»

«ትሞታለች! ሞትኩ? ይኸው አውቄ ሞትኩ?» ባትሪዋ እሱን፣ ደወሉን፣ ጣሪያውን፣ እንደገና እሱን አበራች። «ሚስትህ ስትሞት ቤትህን እየረገምኩ መስኮት ላይ ቆሜ አስከሬኗ ሲያልፍ አየሁ! ቸር ሴት ነበረች! የልጄን ቀሚስ የሰፋች ሴት! ለዚያ ማን ይቅር ይለኛል? ከለቅሶዋ አንተ አስቀርተኸኝ!»

«እኔ አላስቀረሁሽም።»

«ዝም አልክ! ዝምታህ አስቀረኝ! መንደሩ ሁሉ ያውቃል?»

«ሁሉም አይደለም።» አሰበ። «ዳቦ ሻጩ አያውቅም።»

በሌላ ቀን ያስቃት ነበር። አሁን ግን መፍቻውን አንስታ ልትፈነክተው ምንም አልቀራት። የወጋ ቢረሳ! ስንት ጊዜ ብላዋለች፤ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ በገዛ ልጇ ፊት ሳይቀር። ጁዲት በተጎዳ ትከሻዋ ሻይ እየቀዳች «እሺ እማዬ» ስትላት። የተወጋችው እዚያው ተቀምጣ ስትሰማት!

«ስሚኝ» አለ ዴንዚል። «ዛሬ ያቺ ሴት ያስተማረችንን ሰምተሻል። ከአግዳሚ የሚመጣ ጩኸት ሁልጊዜ ይመጣል። እጄ ገመዱ ላይ፣ ዓይኔ ልጅቷ ላይ መሆን ነበረበት። የዚያን ዕለት ቄሱ ገቡና ሰላም ልላቸው ዞርኩ። ‹ልቀቂ› ለማለት አፌን ሳልከፍት ቀደምሽኝ። ለዚህ ነው እንጨቱ ላይ ስሜን የጻፍኩት። አልዋሸሁም።»

«አትመጻደቅብኝ!» አለችው። «ያንተን ድርሻ ውሰድ፣ አልከለከልኩህም! የኔን ግን ማን ውሰድልኝ አለህ? የኔ ጥፋት ነው! ጥፋቴን መልስልኝ!»

አዲሱን ዘንግ ቦታው አስገባና ብሎኑን ማጥበቅ ጀመረ። እሷም አበራችለት፤ እየተሳደበች፣ እየተነጫነጨች፣ «ወደ ግራ ነው፣ ዓይን የለህም?» እያለች፣ እስኪጨርስ አበራችለት።

ሲወርዱ ሠልጣኞቹ ዓይናቸውን ኩባያቸው ላይ ተከሉ። ድንጋይ ግድግዳ ቢሆንም ሁሉ ነገር ተሰምቷል። ሄስተር ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ ግድግዳው ሄደችና የጁዲትን እንጨት ከሚስማሩ አወረደች።

«ማርከር» አለች።

ኢሞጅን ማርከሩን ሰጠቻት። ሄስተር የማርከሩን ክዳን ነክሳ ነቀለችና «ዴንዚል ኤንዳኮት» የሚለውን ልትሰርዝ አጎነበሰች።

«እንዳትነኪው!» አለ ዴንዚል። ድምፁ በቁጣ ሲወፍር ሠላሳ አንድ ዓመት ማንም ሰምቶ አያውቅም። «እሱ የኔ ነው። የዞርኩት እኔ ነኝ። ከፈለግሽ ከሥሩ ጻፊ።»

«ከሥርህ? ምኔ ሆነህ!»

«እንግዲያው ከላይ ጻፊ። ስሜን ግን አትሰርዢም።»

ተፋጠጡ። ሄስተር ከላይ ጻፈች፤ ፊደሉ ከንዴቷ የተነሳ ትልቅና ጠማማ ሆነ። ሰቀለችው። ቀና ብላ አየችው፤ የለመደችው ቅለት ግን አልመጣም። በምትኩ የመጣው የጁዲት ፊት ነው፣ ሻይ እየቀዳች። ዛሬ ማታ ለልጇ ትደውልላታለች። ምን እንደምትላት ገና አላወቀችም፤ መጀመሪያ እንደምትቆጣት ብቻ ነው ያወቀችው።

ኬዚያ አዲስ የተሰበረውን እንጨት ከዴንዚል እጅ ነጠቀች። «ይሄኛው ደግሞ የኔ ነው። ሁለታችሁም እንዳትጽፉበት!» ሠልጣኞቹ መሳቅ እንደሚቻል ሲያውቁ ሳቁ።

«አሁን ልትተዪው ትችያለሽ፣ ኬዚያ» አለች ኢሞጅን። «ሌላ ቀን ይሆናል።»

«አልተውም። አሁኑኑ ነው።» ልጅቷ ሳጥኑ ላይ ወጣችና ወደ አግዳሚው ዞረች። ዓይኗ አሁንም ቁጡ ነው፤ የአያቷ ዓይን ነው። «አያቴ፣ ወይ ውጪ ወይ ተቀመጪ። ከተቀመጥሽ ግን ዛሬ የምትይዢው አፍሽን ብቻ ነው።»

እንዲህ የሚናገራት ሰው በዕድሜዋ አልነበረም። መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ። የልጅቷን ሁለት እጆች አየች፤ ሁለቱም እኩል ወደ ሱፉ ተነስተዋል፣ ቀኙም እንደ ግራው።

ሄስተር ተቀመጠች። የማርከሩ ክዳን እስካሁን ጥርሷ መሃል ነበር።

ዴንዚል ከልጅቷ ፊት ቆመ፤ ወደ ማንም አልዞረም። ደወሏ ተነሳች፣ ዞረች፣ ጮኸች። አንድ። ሁለት። ሦስት። በዐሥረኛው ገመዱ ትንሽ ተንጋደደ። ሄስተር ክዳኑን ነከሰችው፤ ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ።

«ልቀቂ» አለ ዴንዚል፣ ከሆዱ። ኬዚያ ለቀቀች፤ እሱ ያዘ። ደወሏን ወደ ቦታዋ መለሰና ገመዱን እንደገና አቀበላት።

ሄስተር የተሰነጠቀውን ክዳን እንደነከሰች ቀረች። ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለት።